ሦስተኛው ጎማ

«ላንድክሩዘሯን ቁረጥና አውጣት። ቶዮታዋ ብቻዋን ትቅር።»

ይህን ያለው የትራፊክ ፖሊሱ አስር አለቃ አያና ነው። የሰማችው ደግሞ ሙሚና ናት፤ ከመጋረጃው ወዲህ ጓዳ ውስጥ ሆና፣ የቡና ገለባውን ከወተት ጋር አፍልታ ሆጃ እየቀዳች። አያና ማንሾካሾኩ ነበር፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ላይ ፊሽካ ሲነፋ የኖረ ሰው ሲያንሾካሹክም ሰፈር ይሰማዋል። ሙሚና ብርጭቆው በእጇ እንዳለ ደርቃ ቀረች። የጫት መጫኛዋን ቶዮታ ማን እንደሚነዳት ታውቃለች። ወንድሟ ዓሊዩ ነው። መንጃ ፈቃዱን ትናንት ኩርባው ላይ ተነጥቆ፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴ ፊት የሚቀርበው የእናቷ ልጅ ዓሊዩ።

«እንዴት አድርጌ ነው የማወጣት?» አለ ባሏ ታጁዲን። «ጎን ለጎን እኮ ናቸው አስር አለቃ። ተነካክተዋል።»

«አንተ አይደለህ ፎቶ አንሺው? ሠርግ ስታነሳ የማይፈለግ ሰው መሀል ቢገባ አታወጣውም? እንደሱ ነው። ስትጨርስ ሌላውን ከነኔጋቲቩ ምድጃ ውስጥ ጨምረው።» አያና ወደ በሩ ተመለከተና ጨመረ። «ጓድ ሽፈራው ነው ያለው። እኔ የለሁበትም።»

ሙሚና ሆጃውን ይዛ ስትወጣ ሁለቱም እንዳላዩዋት ሆኑ። አያና ብርጭቆውን ተቀብሎ፣ «ጀዛከላህ» አለ፤ ክርስቲያን ነው፣ ግን ጭሮ የኖረ ሰው የሚልበትን ያውቃል። ፉት እያለ የሚያየው ግድግዳውን ነበር። በጭሮ፣ በመዝገብ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ ፎቶ የተነሳ ሰው ሁሉ ያንን ግድግዳ ያውቀዋል፤ የታፔላ ጸሐፊው ሙሉውን በቀለም ሞልቶ አውሮፕላንና የዘንባባ ዛፍ ሥሎበታል፣ አውሮፕላኑ ከዘንባባው ያንሳል። ከመስተዋቱ ጎን በገመድ የታሰረ ማበጠሪያ፣ በሚስማር ላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ኮት ተንጠልጥሏል። ኮት የሌለው ሁሉ ያንን ይለብስና ይነሳል፤ ለኮቱ አይከፈልም፣ ሂሳቡ ከፎቶው ላይ ነው። ከመቻራ የወረደ ቡና ሻጭም፣ የሚኤሶ ባለ ግመልም፣ የከተማው ሙሽራም ያንኑ ኮት ለብሶ ነው ለዘር ማንዘሩ የሚታየው። አያና ራሱ የማዕረግ እድገት ያገኘ ጊዜ በደንብ ልብሱ ላይ ሊደርበው ሲል ታጁዲን በልመና ነው ያስጣለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ወር ገደማ፣ የከተማው ካድሬ ጓድ ሽፈራው የመንገድ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ የሚባል ነገር ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ አቋቁሞ ራሱን ሊቀመንበር አደረገና ሕዝቡን ስብሰባ ጠራ። ሾፌር ሁሉ «አላጠፋሁም» ይላል፣ ፖሊስ ሁሉ «አጥፍቷል» ይላል፣ ስለዚህ ከእንግዲህ ካሜራ ይፈርዳል አለ። ካሜራ ወገን የለውም፣ ካሜራ ሳይንስ ነው፣ ካሜራ አድኃሪ ከተራማጅ አይለይም! እጁን እያወናጨፈ ሲናገር ታጁዲን ከኋላ ወንበር ላይ ያጨበጭባል። ሳይንሱ የእሱ ካሜራ እንደሆነ፣ ፊልሙንም ከኪሱ እንደሚገዛ የነገሩት ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ነው። «ለአብዮቱ ነው» አሉት። ለአብዮቱ ነው ከተባለ ደግሞ ማን ምን ይላል? በሳምንት ሁለት ቀን ሱቁን እየዘጋ፣ ወደ ሂርና መውጫ ያለው ኩርባ ላይ ከአያና ጋር ዛፍ ሥር ይቀመጥ ጀመር።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የጫት ሾፌር ቅዱስ አይደለም። ጫት ይጠወልጋል፣ ድሬዳዋ ላይ የሚጠብቀው ባቡር አይጠብቅም፣ ስለዚህ ቤቱ እንደተቃጠለበት ሰው ይነዳል። የሐጂ በክሪን የልጅ ልጅ እግሯን የሰበራት የጫት መኪና ነው፤ ቆሞም አላያትም። ሐጂ በክሪ ከዚያ ወዲህ የጫት ሾፌር የሚባል ፍጥረት ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ፤ ጓድ ሽፈራውም ይህንኑ አይቶ ነው የሕዝብ ተወካይ ብሎ ኮሚቴው ውስጥ ያስገባቸው። ሌሎቹ ደግሞ ሻይ ቤት ተቀምጠው፣ «ካሜራው የሚወጣው ጫት በሚወጣበት ሰዓት ብቻ ነው፣ የመንግሥት መኪና ሲያልፍ ዓይኑ ይጠፋል እንዴ?» እያሉ ያሽሟጥጣሉ። ዓሊዩስ? ዓሊዩ የዋሁ ብድግ ብሎ ደገፈ! በፖሊስ አፍ ብቻ ተከሶ የተቀጣ ሰው ነውና፣ «ወላሂ ይሄ ነው የጎደለን! ካሜራ ለሁላችንም እኩል ነው!» ብሎ በስብሰባው ላይ ጮኸ። ጓድ ሽፈራው በጣቱ ጠቁሞት፣ «እንደዚህ ጓድ ያለ ንቁ ሾፌር ያብዛልን» ብሎት ነበር።

አያና ብርጭቆውን አስቀምጦ ሲወጣ፣ ታጁዲን ፎቶውን ከመሳቢያ አውጥቶ መስኮቱ ጋ አስጠጋው። ሙሚና ከትከሻው በላይ አየችው። አይ ታጁዲን! ሰው ሁሉ አንድ በሽታ አለበት፣ የእሱ በሽታ እግር ነው። ፎቶው ላይ እግሩ ተቆርጦ የወጣ ሰው ፎቶውን አይወስድም፤ «ጫማዬ የት ገባ? አዲስ ጫማ ገዝቼ የመጣሁት ለምን ሆነና?» ብሎ ይጣላል። ስለዚህ ታጁዲን ምንም ነገር ሲያነሳ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ግድግዳ እስኪነካ ድረስ ወደ ኋላ ይላል። ኩርባው ላይ ግድግዳ ስላልነበረ የልቡን ያህል ሄዷል። አያና አቧራውን አይቶ «አንሳ!» ሲለው ፊት ለፊት የሚመጡትን ሁለቱንም መኪኖች ከነጎማቸው፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር፣ ቦዩን፣ «መቅደም ክልክል ነው» የሚለውን ምልክት ከነእግሩ፣ ማገዶ የተሸከመች ሴትዮ ሳትቀር አስገብቷቸዋል። ዓሊዩ ቀኙን ይዟል፤ ይዟል ብቻ አይደለም፣ የቀኝ ጎማው ቦዩ ውስጥ ገብቶ መኪናው ወደ ገደሉ አጋድሏል። የጓድ ሽፈራው ላንድክሩዘር ደግሞ በግራ፣ ከፊት ሌላ መኪና ቢመጣ ማለፊያ በሌለበት ኩርባ ላይ፣ እየቀደመች ትታያለች። ጓድ ሽፈራውም ራሱ መሪ ጨብጦ፣ ክንዱን በመስኮቱ አውጥቶ። ጓድ ሽፈራው ያስጻፈው የትናንቱ ክስ ግን «ዓሊዩ መቅደም በተከለከለበት ቦታ ሲቀድም» የሚል ነው። የተቀደመው ከሳሽ፣ ቀዳሚው ተከሳሽ መሆን ሲገባው፣ ቀዳሚው ከሳሽም ዳኛም ሆኖ አረፈው።

«ልትቆርጠው ነው?» አለች ሙሚና።

ታጁዲን ጥቁሩን መቀስ አነሳ። መልሶ አስቀመጠው፣ ላቡን ጠረገ፣ እንደገና አነሳ። ከላይ፣ ከሰማዩ ጀምሮ ቆረጠ። የጓድ ሽፈራው ክንድ ወደቀ፣ በሩ ወደቀ፣ መብራቱ ወደቀ። ታች ሲደርስ መቀሱ ቆመ። የላንድክሩዘሯ የቀኝ የፊት ጎማ ከዓሊዩ ቶዮታ ጥግ ጋር ተደራርቧል። ጎማውን ልቁረጥ ቢል የዓሊዩም ጎማ አብሮ ይቆረጣል፣ ወይም ግማሽ ጎማ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ታጁዲን ደግሞ እግር አይቆርጥም። በሠላሳ ምናምን ዓመት ዕድሜው አንድ እግር ቆርጦ አያውቅም፣ የመኪና እግር ቢሆንም። መቀሱን በጎማው ዙሪያ አዙሮ ወጣ። ትንሿን ፎቶ ፖስታ ውስጥ ከተተና ሌላ ያልተቆረጠ አንድ ኮፒና ኔጋቲቩን ለሙሚና ዘረጋላት። «አቃጥይው» አለ፤ ዓይኗን ሳያይ። የእሷን ወንድም ነው እኮ የሚቆርጠው! የሠርጋቸው ዕለት እሷን አዝሎ ከአባቷ ቤት ያወጣት ዓሊዩ! ሙሚና አንድ ቃል አልተናገረችም። ተቀበለችውና ጓዳ ገብታ ምድጃው ጋ ቆመች፤ እሳቱን አየችው፣ ፎቶውን አየችው፣ ከዚያ ሁለቱንም ሻሿ ውስጥ ጠቅልላ ሣጥኗ ላይ አስቀመጠቻቸው። እንዲህ አደርግበታለሁ ብላ አልነበረም። እሳት ውስጥ የሚገባ ወንድም ስለሌላት ነው።

ዓሊዩ እንደ ወትሮው ለምሳ መጣ። መኪናዋ ከሌለች በእግሩ ነው፣ አቧራው እስከ ጉልበቱ ደርሷል፣ ፊቱ ግን በራ ብሏል። ከበር፣ «አሰላሙ አለይኩም! ያ ኦቦሌቲ፣ ሞቼ አልሞትኩም፣ ምሳ አምጪ!» አለ። እህቱን ደስ ሲለው ነው በኦሮምኛ የሚጠራት። ሙሚና የማሽላ እንጀራ ላይ የተመታ አብሽ ደፍታ ሁልበት አቀረበች። ሥጋ ከጾሙ በፊት ጀምሮ እንደተወደደ ነው፣ ስኳርም ቀበሌ ካልሰጠ የለም፣ ሁልበት ግን ይመስገነው አይጠፋም። ሦስቱ ዙሪያውን ተቀመጡ። ዓሊዩ እየጎረሰ ያወራል። የመኪናዋ ባለቤት ጂብሪል ጠዋት ጠርቶ፣ መንጃ ፈቃድህ ከተያዘ ቁልፉን ለሌላ ሰው ዛሬ ማታውኑ እሰጣለሁ ብሎታል፤ ጫት ቆሞ አይጠብቅም። ስንት ዓመት ረዳት ሆኖ ጣሪያ ላይ ተኝቶ ያገኘው መሪ ነው። ሚስቱ ጣሂራ ሌሊቱን ስታለቅስ አድራለች። «ምን ያስለቅስሻል አልኳት! ፎቶ አለ እኮ! ሰው ያየውን ሊክድ ይችላል፣ ፎቶ ምን ብሎ ይክዳል? ያነሳው ደግሞ ታጁዲን ነው፣ የኛው ሰው!» ብሎ የታጁዲንን ትከሻ መታው። «አላህ ነው ዛፉ ሥር ያስቀመጠህ።»

ታጁዲን ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረበት። አላላመጠም፣ አልዋጠም። ዓሊዩ፣ «ፎቶው እንዴት ወጣ? ጥሩ ነው?» ሲለው አዎ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ዓሊዩ ቀና ብሎ እህቱን አየ፤ እህቱ የውኃ ማንቆርቆሪያውን አየች። ከውጭ የእህል ወፍጮው ይሰማል፣ ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ሬዲዮ ስለ መከር ዘመቻ ይለፈልፋል። ዓሊዩ ለወትሮው ሳህኑን ጠርጎ የሚነሳ ሰው ዛሬ ግማሹን ትቶ እጁን ታጠበ፣ «ዱዓ አድርጉልኝ» ብሎ ወጣ። የገባው ነገር ይኑር አይኑር ከፊቱ አይታወቅም።

ሙሚና በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። «ዓይን ዓይኑን እያየህ ከአንድ ሳህን ጎረስክ» አለች። «ደግ አደረግህ። ወንድ ነህ።»

«ምን ላድርግ ነው የምትይኝ? ሱቄን ቢያሽጉብኝስ? ቢያስሩኝስ?» አለ ታጁዲን። ፍርሃቱ ሐሰት አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር የታሰረ ሞልቷል። ሙሚናም ታውቀዋለች። ቢሆንም ተናደደችበት፤ ስትናደድ ደግሞ ማልቀስ አይሆንላትም፣ ማጽዳት ነው የሚሆንላት። ሄዳ ሱቁን ትጠርግ ጀመር። እየጠረገች ሳለ ከጓዳ ሻሿን አምጥታ ፈታችና ያልተቆረጠውን ፎቶ አውጥታ፣ የታጠቡ ፎቶዎች በሚደርቁበት ገመድ ላይ ከሁለት ሙሽሮችና ከአንድ የክርስትና ሕፃን መሀል በመቆንጠጫ ሰቀለችው። ታጁዲን ሲያይ ጮኸ፣ «አበድሽ?» አላት። ሊያወርደው እጁን ሲዘረጋ ደጅ ላይ መኪና ቆመ። ላንድክሩዘር ነበረች።

ጓድ ሽፈራው ገባ። ካኪው ተተኩሷል፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ገብቷል። «ሥራው አለቀ?» አለ። ታጁዲን ፖስታውን በሁለት እጁ አቀረበለት። ጓድ ሽፈራው ከፍቶም አላየው፤ የዓሊዩን ፊት አይቶ ምን ያደርግለታል? ኪሱ ከተተው። ሊወጣ ዞር ሲል ግን ገመዱ ላይ ራሱን አየ።

ሙሚና እዚያ ባንኮኒ ላይ ቆማ ስንት ሰው ፎቶውን ሲቀበል አይታለች። ሃምሳ ሰው ያለበትን የሠርግ ፎቶ ሰው ሲቀበል ሙሽራዋን አይፈልግም፣ ራሱን ነው የሚፈልገው። ራሱን ካገኘና አምሮበት ከወጣ፣ ጎኑ ያለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይሁን ሞቶ ይሁን ግድ የለውም። ጓድ ሽፈራውም ፎቶውን ከገመዱ አወረደና አፉን ከፈተ። ቁረጡ ያለውን ፎቶ በወሬ እንጂ በዓይኑ አላየውም ነበር፤ አሁንም የታየው ራሱ ብቻ ነው። አቧራው ከኋላ እንደ መጋረጃ ተዘርግቷል፣ ላንድክሩዘሯ ታበራለች፣ ክንዱ በመስኮቱ፣ አንገቱ ቀና! «ይቺን መቼ ነው ያነሳችሁኝ?» አለ፤ ድምፁ የልጅ ሆኖ።

«ትናንት ነው ጓድ» አለች ሙሚና። «መኪናው እንዴት አምሮበታል! እኛማ ለቢሮ ትሆን ነበር እያልን።»

«ለቢሮ?» ጓድ ሽፈራው ራቅ አድርጎ አየው፣ ቀረብ አድርጎ አየው። «ለቢሮ ትሆናለች። ታሳድጓታላችሁ? ዛሬ ለዘጠኝ ሰዓት ይድረስ፤ ኮሚቴው ሲገባ ግድግዳው ላይ እፈልገዋለሁ።»

«ይደርሳል። ሙሉውን ነው፣ ወይስ ከዳርና ከዳር እንቁረጠው?»

ጓድ ሽፈራው ተቆጣ። «ምን ትቆርጪዋለሽ! ሙሉውን! እኔን ደግሞ ልትቆርጡኝ ነው እንዴ?»

ታጁዲን ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ሰውየው ሲወጣ፣ «ምን ነክቶሽ ነው? አስጨረስሽኝ እኮ!» አላት። ሙሚና ኔጋቲቩን ከሻሿ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። «ጠዋት ቁረጥ ተባልክ፣ ቆረጥክ። አሁን አሳድግ ተብለሃል። ትእዛዝ ነው፣ አሳድግ» አለች። ታጁዲን ጨለማ ክፍሉ ገባ። ወትሮ የሚጠፋው መብራትም ዛሬ ሳይጠፋ ዋለ። አቤት ሲታዘዝ! አንዱን ትእዛዝ ሲፈጽም ሌላውን እንደሚያፈርስ እያወቀ፣ ላቡ መድኃኒቱ ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ ሁለቱንም ፈጸመ። የቀድሞው የጤና ሹም ፎቶ ሬሳ መስሎ ተቀምጦ የኖረበትን ባለ መስተዋት ፍሬም ፈቶ አዲሱን አገባበት።

ይዞ መሄዱን ግን እንቢ አለ። ሆዴን አመመኝ አለና ተኛ። ሙሚና ፍሬሙን በነጠላ ጠቅልላ በእቅፏ ይዛ ሄደች። የኮሚቴው ክፍል ድሮ እህል መጋዘን ነበር፣ እስካሁን ነቀዝ ነቀዝ ይሸታል። ረዥም ጠረጴዛ፣ ቀይ ጨርቅ፣ አንድ የደረቀ የቀለም ጠርሙስ። ተላላኪው ሚስማር መታና ፎቶውን ከጓድ ሽፈራው ወንበር በላይ፣ ገቢው ሁሉ ቀድሞ በሚያየው ቦታ ሰቀለው። ሙሚና «ቀና አድርገው፣ አጋድሏል» እያለች ጊዜ ገደለች፤ ከዚያ ከተላላኪው ጋር በሩ ጥግ ቆመች። በዓሊዩ ላይ ቢፈርዱ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ማታ ቁልፉ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ሲሞት እንኳ ጣሪያ ላይ የተኛ ረዳት ሆኖ ነው የሚሞተው።

ሰው ገባ። ሾፌሮች ግድግዳውን ይዘው ቆሙ፣ ሐጂ በክሪ ምርኩዛቸውን ይዘው ጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጡ። ዓሊዩ መሀል ቆሞ ሲጠብቅ ቀና አለና ፎቶውን አየ። ዞር ብሎ በሩ ጥግ ያለችውን እህቱን አያት፤ ከደስታ ይሁን ከድንጋጤ ሙሚና አላወቀችም። አያናም ፎቶውን አየው። ያ ሁሉ የፊሽካ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ ክሱን ሲያነብ እንደ ተማሪ ተንተባተበ። ጓድ ሽፈራው ብቻ ጀርባውን ለፎቶው ሰጥቶ፣ ሰው ሁሉ ወደ እሱ አቅጣጫ ማፍጠጡ ደስ ብሎት፣ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል። «ካሜራው ተናግሯል» አለና ትንሿን ፎቶ ለሐጂ በክሪ አቀበለ። «ይዩት አባባ። የልጅ ልጅዎን የሰበረ ዓይነት ሰው ነው።»

ሐጂ በክሪ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዞሩ። ዓሊዩን ገላመጡት፤ ጥላቻቸው አልለቀቃቸውም። ምልክቱን አዩ፣ መኪናውን አዩ። ከዚያ ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ይሄ ልጅ ቀደመ ነው የምትለው?» አሉ። አማርኛቸው ላይ አንተና እርስዎ አይለያዩም፣ ለሁሉም አንተ ናቸው። «ማንን ነው የቀደመ? እዚህ ላይ አንድ መኪና ብቻ ነው ያለ። ሰው ብቻውን እንዴት ይቀድማል?»

«ሌላው መኪና... ሌላው አልፎ ነው» አለ ጓድ ሽፈራው።

«ሳይቀደም አለፈ?» ሐጂ በክሪ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ደግሞ ይሄ ምንድነው? ከፊት ሲታይ መኪና ሁለት ጎማ ነው ያለው። ይሄ ሦስት አለው። አንዱ ቦይ ውስጥ ነው፣ አንዱ መንገድ ላይ ነው። ይሄ ሦስተኛው የማን ነው? አዲስ ነው፣ ያበራል።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ሾፌሮቹ አንድ በአንድ ማሳል ጀመሩ። ሐጂ በክሪ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ፣ ጠረጴዛውን ዞሩና ትንሿን ፎቶ ወስደው ከትልቁ ጎን አስጠጓት። ማገዶ የተሸከመችው ሴትዮ ከሴትዮዋ ጎን ሆነች፣ ምልክቱ ከምልክቱ። «ይሄውና» አሉ። «ጎማው የዚህ ነው። ጓድ፣ ይቺ መኪና ያንተ አይደለች?»

ጓድ ሽፈራው ዞር ብሎ አየ። ከቀትር ጀምሮ ስንት ጊዜ ያየውን ፎቶ ገና አሁን አየው።

«የልጄን ልጅ የሰበራት አላቆመም፣ እጠላዋለሁ» አሉ ሐጂ በክሪ። «ይሄኛው ግን መንገድ ለቆልሃል። ቦይ ገብቶ ለቆልሃል። እኔ አላህን እፈራለሁ፣ በዚህ ላይ ጣቴን አላስቀምጥም።» ተመልሰው ሳይቀመጡ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያው የሚሆነው ነው። ጓድ ሽፈራው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ካሜራ ለጊዜው ለሀገራችን ተጨባጭ ሁኔታ እንደማይመች፣ ቴክኖሎጂው ገና መጠናት እንዳለበት፣ ጉዳዩም በሌላ አጀንዳ እንደሚታይ ተናገረና ስብሰባውን ዘጋ። አጠፋሁ አላለም፤ እንዲህ ያለው ሰው ያን ቃል አያውቀውም። አያና ማንም ሳያዘው መንጃ ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ዓሊዩ እጅ ላይ አኖረው፣ ቀና ብሎም አላየው። ዓሊዩ ፈቃዱን ግንባሩ ላይ አስነካና ሮጦ ወጣ፤ ጫቱ እየተጫነ ነው።

ክፍሉ ባዶ ሲቀር ጓድ ሽፈራው ሙሚናን ጠራት። «እህቴ» አለ ዝቅ ብሎ። «ያቺን ቶዮታ አውጥታችሁ ሌላ ሥሩልኝ።»

«ይቻላል ጓድ» አለች ሙሚና። «ግን ቶዮታዋ ከወጣች እርስዎ ባዶ መንገድ ላይ ብቻዎን በግራ በኩል ሲነዱ ነው የሚታዩት። ሰው ምን ነክቷቸው ነው ይላል።»

ጓድ ሽፈራው ፎቶውን ረዥም ጊዜ አየው። ክንዱን አየው፣ አቧራውን አየው። ማውረድ አልሆነለትም። «ይቆይ እንግዲያው» አለ።

ማታ፣ ዓሊዩ ጫቱን ለሌላ መኪና ሂርና ላይ አስረክቦ ሲመለስ ቤቱ ሳይገባ እነሱ ጋ መጣ። ሙሚና ከምሳ የተረፈውን አሞቀች። ታጁዲን ከአልጋው ተነስቶ ተቀምጧል፣ ሆዱ ድኗል፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየገባ፣ «አንተ ጀግና፣ ጎማዋን ለምልክት ብለህ ትተሃታል አሉ!» ሲለው ነው ያመሸው። ዓሊዩ ፊት ለፊቱ ተቀመጠና አልጎረሰም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ጎማውን ስትተው አውቀህ ነው?»

ታጁዲን ሙሚናን አያት። እሷ ሁሉንም አይታለች፣ ላቡን፣ መቀሱን፣ «አቃጥይው» ሲላት። የውኃ ማንቆርቆሪያውን አነሳች። ታጁዲን ደረቱን ቀና አደረገ። «አውቄ ነው እንጂ!» አለ። «ምን መሰለህ? አንተን እቆርጣለሁ?»

ዓሊዩ እህቱን ተመለከተ። ሙሚና እውነቱን ብትናገር ወንድሟ ሁለተኛ እዚህ ቤት ምሳ እንደማይበላ ታውቃለች። «ብሉ፣ በረደ» አለች። ዓሊዩ ትንሽ ቆይቶ ጎረሰ። ታጁዲንም ጎረሰ፤ የሚያሳፍረው፣ አምሮት ነበር የሚበላው። ሙሚና ተነሳችና ከሱቁ ጠረጴዛ ላይ ጥቁሩን መቀስ አንስታ ጓዳ ገባች። ሣጥኗን ከፈተች፣ መቀሱን ከታች ከተተችው፣ ቆለፈችበትና ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው። ከእንግዲህ ይህ ቤት ሰው ቁረጥ ከተባለ፣ መቀሱን ከእሷ ይጠይቅ።